ሲስተር እጸገነትና የኮሪደሩ ሰዎች

ልጄ ሊዲያ መጀመሪያ የወደቀች ቀን የጠረጠርነው ጫማዋን ነበር። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤታችን ደረጃ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች፤ እናቷ ሰብሊም "እስክታድግበት ብለን ሰፋ ያለ ገዝተንላት እኮ ነው" አለች። ዓርብ ጠዋት "እግሬን ይነዝረኛል" ማለት ጀመረች። ቅዳሜ መቆም አቃታት። እሁድ ማንኪያ ከእጇ እየወደቀ፣ ውሃ ትን እያላት፣ ድምፅዋ እየሰለለ ሲሄድ ተሸክሜያት ከቤት ወጣሁ። ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል።

እኔ አጥናፉ እባላለሁ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቤታችን ቂርቆስ ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ አንዲት ነርስ ነው። ልጄን የማነሳው ነርሷን ያወቅኋት በልጄ በኩል ስለሆነ ነው። እኔ ያላየሁትን ደግሞ ከራሷ፣ ከአባቷና ከሥራ ባልደረቦቿ አፍ ሰምቻለሁ።

ጊዜው 2017 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ነው። ሆስፒታሉ ከሰፈራችን ብዙ አይርቅም። ሐኪሞቹ መርምረው ሲጨርሱ በሽታውን አስረዱን። ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ተሳስቶ የራሱን ነርቭ ያጠቃል፤ ድካሙ ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ደረት ላይ ሲደርስ መተንፈስ ያቅታል። "አብዛኛው ልጅ ይድናል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል" አሉን። እኛ ጆሮ ውስጥ የቀረው "መተንፈስ ያቅታል" የሚለው ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሊዲያን የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧት፤ ሰዉ አይሲዩ የሚለው ማለት ነው። በሩም ተዘጋ።

ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር ላይ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉ። አስታማሚው ሁሉ እዚያ ነው የሚውለው። ያን ቀን ወንበሮቹ ሞልተው ስለነበር እኔና ሰብሊ ነጠላዋን ወለሉ ላይ አንጥፈን ተቀመጥን። አርባ ደቂቃ ያህል እንደቆየን አጠር ያለች፣ መነጽር ያደረገች፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ወጣች። ቆማ አላናገረችንም። ወደተቀመጥንበት መጥታ ቁጢጥ አለች።

"የሊዲያ እናትና አባት ናችሁ? እጸገነት እባላለሁ። ዛሬ የሊዲያ ነርስ እኔ ነኝ። አሁን ተራ በተራ አስገባችኋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የምታዩትን ልንገራችሁ።"

ነገረችን። አፏ ውስጥ ቱቦ አለ፤ ደረቷን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ አንዳንዴ ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር ክፉ ነገር መጣ ማለት አይደለም። "ፊቷ ያው ፊቷ ነው" አለች። "ስትነኳት እጇ ይሞቃል። በስተግራ ሦስተኛው አልጋ ላይ ናት፤ ራስጌዋ በመስኮቱ በኩል ነው። ወጥታችሁ እዚህ ስትቀመጡ፣ ይሄ ግድግዳ ጀርባ ያለችው እሷ ናት።" በጣቷ ግድግዳውን አሳየችን። ይህን ለምን እንደነገረችን ያን ቀን አልገባኝም። ብቻ ወጥቼ ስቀመጥ ጀርባዬን እዚያ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ።

ምክንያቱን በኋላ ራሷ አጫወተችኝ። ለእሱ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እጸገነት አጽብሃ ተወልዳ ያደገችው ካዛንቺስ ነው። አባቷ አቶ አጽብሃ በወጣትነታቸው ከአዲግራት መጥተው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በታይፒስትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ ትግርኛ፣ ደጅ አማርኛ እየተናገረች አደገች። ምኞቷ ሕግ መማር ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ግን የደረሳት ነርሲንግ ሆነ። ሦስት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው፣ "ልጄ፣ አንድ ወረቀት ሲበላሽ ወረቀቱን እናወጣለን እንጂ ታይፑን አንወረውርም። ሂጂ፣ አንድ ዓመት ሞክሪው" አሏት።

ሞከረችው። ተመርቃ ይሄው ሆስፒታል ስትቀጠር እጇ የተመሰከረለት ሆነ። የሦስት ቀን ሕፃን ደም ሥር ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሲቸገር "እጸገነትን ጥሯት" ይባላል። እሷ ግን ስለዚያን ጊዜዋ ስታወራ አትኮራም።

"ማሽን አልፈራም ነበር፤ የምፈራው ቤተሰብ ነበር" አለችኝ። "ኮሪደሩን ሳቋርጥ ስልክ የማወራ እመስላለሁ። እናት እጄን ስትይዘኝ 'ሐኪሙ ይነግርሻል' ብዬ አመልጣለሁ። በቃ፣ ሥራዬ አልጋው ላይ ያለው ልጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።"

በ2010 ዓ.ም. አቦይ ገብረጻድቃን የሚባሉ አዛውንት ከትግራይ ገጠር የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። ልጁ ገባ፤ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ተቀመጡ። በዘጠነኛው ቀን እጸገነት በስልክ ከአባቷ ጋር በትግርኛ ስታወራ ሰሙና ከወንበራቸው ተነሡ። ስልኩን እስክትጨርስ ጠበቁ። ከዚያ በትግርኛ አንዲት ነገር ጠየቋት።

"ልጄ፣ ልጃችን የተኛው በቀኝ በኩል ነው በግራ? ስጸልይ ፊቴን ወዴት ላዙር?"

ዘጠኝ ቀን ማንም አልነገራቸውም። ከእሷ ጀምሮ። "እዚያው ቆሜ አፈርኩ" አለችኝ። ግማሽ ሰዓት አብራቸው ተቀመጠች። ልጁ ምን እንደሆነ፣ ምን እየተደረገለት እንደሆነ፣ ዛሬ ከትናንት በምን እንደሚሻል አንድ በአንድ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው አማተቡ። ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድኖ ወጣ። እጸገነት ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ስትገባ ገና ጓንት ሳታጠልቅ መጀመሪያ ኮሪደሩ ላይ ትቀመጣለች። እያንዳንዱን ቤተሰብ በስሙ ጠርታ የምታውቀውን ትነግረዋለች፤ የማታውቀውንም "አላውቅም፤ ጠይቄ እነግራችኋለሁ" ትላለች። ከሥራ ስትወጣም እንደዚያው ነው።

በዚያን ዘመን ወላጅ ልጁን የሚያየው በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር፤ እሱም ከእግርጌ ቆሞ፤ አያት ጭራሹን አይገባም። እጸገነት ይህ እንዲቀየር ፈለገች። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አያንቱ ጠንካራ ሐኪም ናቸው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው።

"እጸገነት፣ እነዚህ ልጆች በመጡበት በሽታ ብቻ አይደለም የሚሞቱብን። ከውጭ በሚገባ ኢንፌክሽንም ነው" አሏት።

"አውቃለሁ ዶክተር። ግን እናት እጇን ከታጠበች ከእኔ እጅ የሷ በምን ይከፋል? ሁለት ወር ይስጡኝ። በር ላይ ቆሜ እኔ አሳጥባለሁ። ኢንፌክሽኑ ከጨመረ በሩን የምዘጋው እኔው ነኝ።"

ዶክተሯ ብዙ አሰቡበትና ፈቀዱ። ሁለት ወር ሙሉ እጸገነት በዕረፍት ቀኗ ሳይቀር እየመጣች የእጅ መታጠቢያው አጠገብ ቆመች። ለእያንዳንዷ እናት፣ ለእያንዳንዱ አባት እስከ ክርናቸው ድረስ እንዴት እንደሚታጠቡ አሳየች። ነርሶቹ እንደሚያወሩት አንድ ቀን አንዲት እናት ዶክተር አያንቱን ራሳቸውን "ዶክተር፣ እጅዎን አልታጠቡም" አለቻቸው። ዶክተሯ ሄደው ታጠቡ። በሁለቱ ወር መጨረሻ ኢንፌክሽኑ አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ፤ አንድ ወላጅ በአንድ ጊዜ፣ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ከሰዓት በኋላም ለሁለት ሰዓት ያህል። እኔ ልጄ አጠገብ ለመቀመጥ የቻልኩት በዚያ ወረቀት ነው።

በአምስተኛው ቀን ሊዲያ ምንም የማታንቀሳቅስ ሆነች። እጅ የለም፣ እግር የለም፣ ፊቷ ላይ አንዲት ጅማት አትነቃነቅም። የዓይኗ ቆብ ግማሽ ድረስ ተከድኖ ቀረ። ተኝታለች ብለን ነበር። እኔ ጋውን ለብሼ በስተቀኟ ተቀምጫለሁ። ገና በመማር ላይ ያሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች እግርጌዋ ቆመው ስለሷ ያወራሉ። አንደኛው ድምፁን ሳይቀንስ "እንዲህ በፍጥነት ከወረደች እኮ ላትመለስም ትችላለች" አለ።

እጸገነት ሞኒተሩን እያየች ነበር። የሊዲያ የልብ ምት ከዘጠና ስድስት ተነሥቶ መቶ ሠላሳ ስምንት ገባ። የያዘችውን መርፌ አስቀመጠች።

"ይቅርታ፣ ውጭ ወጥታችሁ አውሩ" አለቻቸው። "ትሰማለች።"

ልጆቹ ደንግጠው ወጡ። እሷ ጎንበስ ብላ አፏን ሊዲያ ጆሮ አጠገብ አደረገች።

"ሊዱዬ፣ እነዚያ ልጆች ገና ተማሪዎች ናቸው፤ አንቺን አያውቁሽም። እኔ እንዳንቺ የሆኑ ልጆች አይቻለሁ። ከዚህ በእግራቸው ሄደዋል። ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የምትሰሚኝ ከሆነ ዓይንሽን ወደ ላይ አድርጊልኝ።"

ጠበቅን። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ የሊዲያ ብሌን እንደ ከባድ ነገር ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

እኔ የአልጋውን ብረት ያዝኩ። እጸገነት ግን ፈገግ ብላ "ጎበዝ። ወደ ላይ 'አዎ' ነው፤ ወደ ታች 'አይ' ነው። እሺ?" አለቻት። ብሌኑ እንደገና ወደ ላይ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "መምህር፣ 'አዎ'ና 'አይ' ብቻውን አይበቃትም። ስምንት ዓመቷ ነው፤ የምታወራው ብዙ ነገር አላት። ፊደል ታውቃለች አይደል? አንድ ነገር ይሥሩልን" አለችኝ።

ቤት ሄጄ ትልቅ ካርቶን ላይ የፊደል ገበታ ሠራሁ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በዓይን መፈለግ ለልጅቷ አድካሚ ስለሚሆን ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ድጋሚዎች አወጣሁ። ሃያ ስምንት ቀሩ፤ በአራት ሳጥን፣ ለእያንዳንዱ ሰባት ሰባት ደረሰ። ከላይ ከአንድ እስከ ሰባት፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ቁጥር ጻፍኩ። እጸገነት ስታየው ሳቀች።

"መምህር ሆነው ፊደል ይቀንሳሉ?"

"ሲስተር፣ ሒሳብ ነው የማስተምረው" አልኳት።

አሠራሩ ቀላል ነው። "አንደኛው ሳጥን ነው? ሁለተኛው?" እያለች ትጠይቃለች፤ የሊዲያ ዓይን ወደ ላይ ሲወጣ እጸገነት እዚያ ሳጥን ውስጥ ገብታ መስመሮቹን ትቆጥራለች፤ ከዚያ ሆሄውን። የመጀመሪያው ቀን እኔ ካርቶኑን ያዝኩ፣ እሷ ጠየቀች። ሁለተኛው ሳጥን። ሰባተኛው መስመር፣ ከ። አራተኛው። ካ። ከዚያ ል። ከዚያ ሲ።

ካልሲ።

ሰብሊ ከሦስት ቀን በፊት የልጇ እግር ቀዝቅዞባት ወፍራም የሱፍ ካልሲ አጥልቃላት ነበር። እጸገነት እንደሰማች ወደ እግርጌ ሄዳ የቀኙን እግር ገለጠች። የካልሲው ስፌት ተጣጥፎ ከጣቶቿ ሥር ገብቷል። ይህ በሽታ ነርቭን ስለሚነካ ለእኛ ምንም የማይመስለን ነገር ለሷ እንደ እሳት ያቃጥላል። ሦስት ቀን ሙሉ ያ ስፌት እያቃጠላት መናገር ሳትችል ተኝታለች። ካልሲው ሲወልቅ ሞኒተሩ ላይ ያለው ቁጥር ቀስ በቀስ ሲወርድ እኔም እጸገነትም ቆመን አየነው።

ወጥቼ ለሰብሊ ስነግራት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "እኔ ነኝ ያጠለቅኩላት" እያለች ተንሰቀሰቀች። እጸገነት ተከትላኝ ወጥታ ነበር። አጠገቧ ተቀምጣ እስክታበቃ ጠበቀቻት።

"ሰብሊ፣ እግሯ ቀዝቅዞ ስላገኘሽው ነው ያጠለቅሽው። እናት የምታደርገውን ነው ያደረግሽ። ዛሬ ደግሞ ልጅሽ 'አውልቁልኝ' ብላ አዘዘችን። አልጋ ላይ ሆና ማዘዝ የጀመረች ልጅ አለችሽ እኮ።"

ሰብሊ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ከገባን ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ሊዲያ በየቀኑ አንድ ሁለት ቃል ትጽፍልን ጀመር። ትራስ። ብርሃን። አንድ ቀን "ፈተና" ብላ ጽፋ የክፍል ፈተና አምልጧት እንደሆነ ጠየቀችን። እጸገነት ደግሞ በበኩሏ ተረት ጀመረችላት። ከሜክሲኮ ጎተራ በታክሲ የምትመላለስ አንዲት ድመት አለች፤ በየፌርማታው አንድ ነገር ይገጥማታል። መርፌ ስትወጋ፣ አክታዋን በቱቦ ስትመጥ፣ ስታገላብጣት፣ ሁልጊዜ ድመቷ የሆነ ቦታ ላይ ናት። ምንም የማትንቀሳቀስ ልጅ ፊት እንዲህ እየሳቀች ስታወራ መጀመሪያ ላይ የታዘቧት ሠራተኞች ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት እነሱም "ድመቷ የት ደረሰች?" እያሉ መጠየቅ ጀመሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተር አያንቱ እኔንና ሰብሊን ጠርተው ቱቦው ከአፏ ወጥቶ አንገቷ ላይ በትንሽ ቀዳዳ መግባት እንዳለበት አስረዱን። ወረቀቱን ፈረምን። እጸገነት እዚያው ቆማ ነበር።

"ዶክተር፣ ለሷም እንንገራት" አለች።

ዶክተሯ አብረዋት ሄዱ። እኔ ካርቶኑን ያዝኩ። እጸገነት ነገሩን በልጅ ቋንቋ አስረዳቻት። የሊዲያ ዓይን ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄደም፤ መጻፍ ፈለገች። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። "ድምጼስ" የሚል ነው የጻፈችው።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ሠላሳ ሰው የሚያዙት ሴት፣ አልጋው አጠገብ በርከክ አሉ። "ይመለሳል። እኔ ቃል እገባልሻለሁ" አሏት። ዓይኗ ወደ ላይ ወጣ። እጸገነት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሁሉም ልጅ እንደ ሊዲያ አልሆነም። ከአጠገቧ ያለው አልጋ ላይ የሰባት ወር ሕፃን ነበር፤ በልብ ሕመም። እናቱ ዮሃና ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ለልጁ የሚደረግለት ነገር ሁሉ አለቀ። እጸገነት የሰዓቱን ገደብ ትታ ዮሃናን አስገባቻት። ወንበር አመጣች፣ ሽቦና ቱቦውን አንድ በአንድ አስተካክላ ልጁን እናቱ ክንድ ላይ አስቀመጠችው። ዮሃና ከገባ ጀምሮ ታቅፋው አታውቅም ነበር። መጋረጃው ተሳበ። እኔ ተነሥቼ ልወጣ ስል ሊዲያ ዓይኗን ወደ ታች አደረገች፤ "አይ" ማለቷ ነው። ተቀመጥኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ዮሃና ለልጇ ስትዘምርለት ከሁለት ሰዓት በላይ ሰማን። ከዚያ መዝሙሩ ቆመ።

እጸገነት ከእሷ ጋር ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጠች። "አይዞሽ" ስትላት አልሰማሁም። የልጁን ስም ጠርታ፣ "ኢያቄም ምን ይወድ ነበር?" ብላ ጠየቀቻት። ዮሃና ቀና አለች። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንደሚስቅ ነገረቻት፤ ሌላም ብዙ ነገረቻት። ዘመዶቿ መጥተው እስኪወስዷት ድረስ ስታዳምጣት ቆየች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ገብታ የሊዲያን መርፌ አዘጋጀች። "እሺ፣ ድመቷ ደምበል ጋ ስትወርድ..." ብላ ጀመረች።

"ሲስተር፣ ትንሽ ዕረፊ እንጂ" አልኳት።

"ቤት ስገባ አለቅሳለሁ፣ መምህር። ሊዲያ ግን ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀችኝ ነው።"

ቤት ያለችውም በዚያው ሰሞን የረጋ ቤት አልነበረም። አባቷ አርባ ዓመት የኖሩበት የካዛንቺስ ቤት አካባቢው ለልማት ሲነሣ አብሮ ተነሣ። አንድ ቅዳሜና እሁድ ዕቃውን ሸክፋ፣ አባቷን ጎተራ ወዳለው የኮንዶሚኒየም ቤቷ አምጥታ፣ ሰኞ ጠዋት በሰዓቷ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ "ደህና ከረማችሁ?" እያለችን ነበር። እኛ ይህን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። ለምን እንዳልነገረችን ስጠይቃት "እናንተ ራሳችሁ የምትሸከሙት ነበራችሁ" አለችኝ።

በአርባ አራተኛው ቀን ሊዲያ ያለ ማሽን መተንፈስ ቻለች። ከዚያ በፊት ጣቶቿ፣ ከንፈሯ፣ አንገቷ ቀስ በቀስ ተመልሰዋል። ዶክተር አያንቱ የአንገቷን ቱቦ በጣታቸው ለአፍታ ደፈኑና "በይ፣ የሆነ ነገር በዪ" አሏት። እኔም ሰብሊም ያን ቀን አብረን እንድንገባ ተፈቅዶልን ነበር። ሁለታችንም "እማ" ወይ "አባ" እንጠብቃለን። ሊዲያ ዓይኗን ወደ እጸገነት አዞረች። ድምፅዋ የተሰነጠቀ፣ ቀጭን ነበር።

"ድመቷ ጎተራ ደረሰች?"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እጸገነት ብቻ መነጽሯን አውልቃ ቆመች። "ገና ናት፤ አንቺን እየጠበቀች ነው" አለቻት።

በአርባ ስድስተኛው ቀን ከአይሲዩ ወጥተን ወደ ተራው ክፍል ሄድን። ከዚያ ገና ወራት ነበሩ፤ መቀመጥ፣ መቆም፣ ደግፈናት መራመድ። በሐምሌ ሊዲያ ያለ ድጋፍ ሄደች። በነሐሴ መጨረሻ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጎተራ እጸገነት ቤት ለመጠየቅ ሄድን፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን በእግሯ ወጣችው፣ ሁለቴ እያረፈች።

አቶ አጽብሃ በር ላይ ተቀበሉን። ፀጉራቸው የነጣ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ቁጥብ ሽማግሌ ናቸው። እጸገነት ከዚያ በፊት እየሳቀች የነገረችኝ ነገር ነበር፤ አባቷ ሰው "ልጅህ ምን ትሠራለች?" ሲላቸው ዘወትር "ሆስፒታል ነው የምትሠራው" ነው የሚሉት። ጠያቂው ሐኪም ናት ብሎ ቢያስብ አያርሙትም። ያን እሁድ ሊዲያ አጠገባቸው ተቀምጣ ስለ ካልሲው፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ሁለቱ ተማሪ ሐኪሞች፣ ስለ ድመቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሳያቋርጡ አዳመጡ። እጸገነት ወጥ ቤት ሆና "አባ፣ ልጅቷን አታድክማት" ትላለች።

ሊዲያ ስትጨርስ እጇን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ምን ሆኑ ብዬ ተከተልኳቸው። የጎረቤታቸውን የአቶ ሃድጉን በር አንኳኩ።

"ሃድጉ፣ ይቺን ልጅ እያት" አሉ። "አርባ ስድስት ቀን አልጋ ላይ ነበረች። ያስታመመቻት የኔ ልጅ ናት። ነርስ ናት፣ ልጄ።" "ነርስ" የምትለዋን ቃል ጠንከር አድርገው ነው የተናገሯት። ከዚያ የሚቀጥለውን በር አንኳኩ።

ለእጸገነት ይህን አልነገርኳትም። ጎረቤቶቹ ነግረዋታል መሰለኝ፤ ሰኞ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ሌላ ነበር። "መምህር፣ አባቴ ታይፑን ከሳጥን አውጥቶ ምን እንደጻፈ አይጠይቁኝም?" አለችኝ። በሥራ ሰዓት ደረቷ ላይ የምታንጠለጥለው የስም ወረቀት አርጅቶ ስለነበር "ሲስተር እጸገነት አጽብሃ፣ የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ነርስ" ብለው በትልልቅ ፊደል ጽፈውላት ነው።

አሁን 2018 ዓ.ም. ነው። ሊዲያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሦስተኛ ክፍልን ደግማ እየተማረች ነው፤ ስትሮጥ ግራ እግሯ ትንሽ ይዘገያል። የፊደል ገበታው አንድ ብቻ አይደለም፤ ለክፍሉ ስድስት ሠርቻለሁ፤ ዶክተር አያንቱ ለሌሎች ሆስፒታሎችም አሠርተው ልከዋል። እጸገነት ደግሞ ከክልል ከተሞች የሚመጡ ነርሶችን እንድታሠለጥን ተመድባለች። ስለ ገበታው እንዳስረዳቸው ጠርታኝ በኅዳር አንድ ጠዋት ሄጄ ነበር።

አምስት ነርሶች መጥተዋል። ማሽኑን ለማየት ቸኩለዋል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘዋል። እጸገነት ግን ወደ ክፍሉ አላስገባቻቸውም። የሥራ ልብሳቸውን አስወልቃ ኮሪደሩ ላይ ከአስታማሚዎቹ ጋር እንዲቀመጡ አደረገቻቸው።

"እስክጠራችሁ ድረስ እዚህ ቆዩ" አለቻቸው። "አትጻፉ። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።"

ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ቆዩ። እኔም አንድ ጥግ ይዤ ነበር። አንዲቷ ወጣት መጀመሪያ ላይ ስልኳን ትነካካ ነበር። በኋላ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። እጸገነት ስትወጣ ቀድማ የተናገረችው ያቺው ወጣት ናት።

"ሲስተር፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ይነሣሉ። እኔም እኮ ውስጥ የተኛ ዘመድ ሳይኖረኝ አብሬያቸው ተነሣሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

"አሥራ አንድ ጊዜ።"

እጸገነት ራሷን ነቀነቀች። "በሉ ልብሳችሁን ልበሱ፤ እጃችሁን እስከ ክርን ታጠቡና ግቡ" አለቻቸው። እነሱ ሲነሡ እሷ በነሱ ቦታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሱ አንዲት አያት አጠገብ ተቀመጠች። "እማማ፣ አሁን ካየሁት ልጀምርልዎ" አለቻቸው።